ስልካችን ውስጥ ኤፍኤም ሬዲዮ ይኑር ወይስ ይቅር?

ሞገደኛ | እሑድ ማታ

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ መብራት ጠፋ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ የስልክ ኔትወርኩም ተከተለው። እጄ ላይ ያለው ስልክ የቆምኩበትን ቦታ ከሳተላይት አስልቶ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይነግረኛል፤ በጨለማ ፎቶ ያነሳል፤ ፊቴን አይቶ ይከፈታል። ውጭ ምን እየሆነ እንደሆነ ግን አንዲት ቃል ሊነግረኝ አልቻለም። ገጹ ላይ ያለችው ክብ ምልክት ስትሽከረከር እኔም አብሬያት ስሽከረከር አመሸሁ።

በኋላ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የተጋደመ ባለ ቁልፍ ስልክ ትዝ አለኝ። ሲም ካርድ የለውም፤ የኋላ ሽፋኑም በፕላስተር ነው የተያዘው። የጆሮ ማዳመጫ ሰካሁበት፣ ሬዲዮ የሚለውን ተጫንኩ፣ ትንሽ ተንሿሿ፣ ከዚያ የሰው ድምፅ መጣ። የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ የትኛው ድልድይ በውሃ እንደተዋጠ፣ ጥገናው የት እንደደረሰ ይናገራል። እስኪነጋ እሱን ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ንዴቱ አልለቀቀኝም። ኖኪያ 8310 እ.ኤ.አ. በ2001 ኤፍኤም ሬዲዮ ይዞ ወጥቶ ነበር። ያኔ የተቻለው ዛሬ እንዴት ተሳነ? የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ኤፍኤም ሬዲዮ የሌለው ስማርት ስልክ ለገበያ መቅረብ የለበትም። የማይስማማ ካለ እዚሁ እንገናኝ።


ለምን ይሆን | እሑድ ማታ

የማልስማማው እኔ ነኝ፤ ተገናኘን።

በመጀመሪያ እንኳን በሰላም ነጋልህ። ሁለተኛ፣ የነገርከን ታሪክ ያንተን ሐሳብ ሳይሆን የእኔን ነው የሚደግፈው። ሬዲዮ ነበረህ፤ መሳቢያህ ውስጥ። ሬዲዮ የሚፈልግ ሰው ሬዲዮ ይግዛ። በየኪሱ ያለ መሣሪያ ሁሉ ለክፉ ቀን የሚያስፈልገውን ነገር በሙሉ ይሸከም ከተባለ ነገ ደግሞ ፉጨት፣ ክብሪትና ገመድ ይጨመርበት ልንል ነው።

አንድ ነገር በሐቅ መልስልኝ። ከዚያች ሌሊት በፊት በዚያ ስልክ ሬዲዮ የሰማኸው መቼ ነበር?


ሞገደኛ | እሑድ ማታ

አራት ዓመት ይሆነኛል። አልዋሽም።

ግን የገረመኝም ይኸው ነው። አራት ዓመት ዘግቼበት ስከፍተው «መጀመሪያ አድሰኝ» አላለኝም። የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም። በአዲሱ ውል ትስማማለህ ወይ ብሎ አልለመነኝም። ተጫንኩት፤ ተናገረ። አንቺ አራት ዓመት ያልነካሽውን መተግበሪያ እስቲ ዛሬ ክፈቺውና የሚልሽን ንገሪን።


ለምን ይሆን | እሑድ ማታ

ይህኛው ነጥብ ያንተ ይሁን። መተግበሪያ መሥራት የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ብዙም መከራከር አልችልም።


የብየዳ ሰው | ሰኞ ጠዋት

የምኖረው ስልክ በመጠገን ነው፤ ስለዚህ ከቦርዱ ልጀምር።

ብዙ ሰው «አምራቾቹ ሬዲዮውን አወጡት» ይላል። በብዙ ስልኮች ላይ የሆነው ሌላ ነው። ዋይፋይና ብሉቱዝ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ትንሽ ቺፕ ላይ ተጣምረው ነው። እንደ ብሮድኮም፣ ኳልኮምና ሚዲያቴክ ያሉ ኩባንያዎች ካወጧቸው ከእነዚህ ጥምር ቺፖች መካከል ብዙዎቹ የኤፍኤም ተቀባይም እዚያው በውስጣቸው አለ። የስልክ አምራቹ ቺፑን ሲገዛ ሬዲዮውንም አብሮ ገዝቶታል። ቀሪው ጥያቄ ከአንቴና ጋር ይገናኝ ወይስ አይገናኝ የሚለው ነው።

ባለፈው ወር አንድ ዓይነት ስም ያላቸው፣ ግን ለተለያየ ገበያ የተሠሩ ሁለት ስልኮች ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። አንዱ ሬዲዮ አለው፤ ሌላው የለውም። ሁለቱንም ከፍቼ ማጉያው ሥር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሬዲዮ ባለው ላይ ከጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ የተነሳች ቀጭን መስመር ካፓሲተር በምትባል አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አልፋ ቺፑ ጋ ትደርሳለች። ድምፅ በሚያመላልሱት መስመሮች ላይ ደግሞ ጥቃቅን የፌራይት ፍሬዎች ተበይደዋል፤ ሥራቸው ገመዱ የለቀመው የሬዲዮ ሞገድ ወደ ድምፅ ማጉያው ፈስሶ እንዳይባክን መከልከል ነው። በሌላኛው ቦርድ ላይ ቺፑ ያው፣ መስመሩም ያው። ካፓሲተሯ የምትቀመጥበት ቦታ ግን ባዶ ነው፤ ሁለት የቆርቆሮ ነጠብጣቦች ብቻ ፊት ለፊት ተያይተው ያበራሉ። የጎደለችውን ዕቃ ጣቴ ላይ ባስቀምጣት በትንፋሽ ትበናለች።

የዋጋውን ነገር እናንተው ገምቱት።

አንድ ማሳሰቢያ ግን ልጨምር። ይህ የሁሉም ስልክ ታሪክ አይደለም። ኤፍኤም የሚባል ነገር ከነጭራሹ የሌለባቸው ቺፖችም አሉ። «ይህን መተግበሪያ ጫኑ፣ የተደበቀው ሬዲዮ ይከፈታል» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። መስመሩ ከተቆረጠ ሶፍትዌር አይበይደውም። ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ «ሬዲዮ» ሁሉ ሬዲዮ ሳይሆን የሬዲዮ ሥዕል ያለበት ድረ ገጽ ነው።


አድማጭ ብቻ | ሰኞ ጠዋት

«የሬዲዮ ሥዕል ያለበት ድረ ገጽ»። ይህን ቀድቼ አስቀመጥኩት።


ለምን ይሆን | ሰኞ ቀን

የብየዳ ሰው፣ ስለ ቦርዱ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ ማብራሪያ አይቼ አላውቅም። ነገር ግን መስመሯ ከየት ትነሳለች አልከን? ከጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ። ስንት አዲስ ስልክ ነው መሰኪያ ያለው?

አይፎን 7 እ.ኤ.አ. በ2016 መሰኪያውን ጥሎ ወጣ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። በተከታዩ ዓመት በአሜሪካ የስልክ ኤፍኤም ይከፈት የሚል ክርክር ሲነሳ አፕል የሰጠው መልስ አይፎን 7 እና 8 የኤፍኤም ቺፕም ሆነ ለኤፍኤም የተሠራ አንቴና የላቸውም የሚል ነበር። ስለዚህ ሞገደኛ የሚጠይቀው የአንዲት ካፓሲተር ጉዳይ አይደለም። ቀዳዳውንና ገመዱን መልሱ ነው የሚለው። ሰዉ ደግሞ ከገመድ ከተላቀቀ ቆይቷል፤ እኔም ጭምር።


ሞገደኛ | ሰኞ ቀን

ቀዳዳውንም ይመልሱ! ማን ውሰዱልን አላቸው?


አወያይ | ሰኞ ቀን

ስለ ጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከዚህ ክር የሚረዝም ሌላ ክር አለ። እዚህ ስለ ሬዲዮ እናውራ።


ማማ ላይ | ሰኞ ማታ

ረጅም ዘመን የኤፍኤም ማሰራጫ ጣቢያ ላይ ሠርቻለሁ። ሁለታችሁም በግማሽ ትክክል ናችሁ፤ ግማሽ ትክክል ሰው ደግሞ ከተሳሳተ ሰው ይልቅ ጮክ ብሎ ይከራከራል።

ገመዱ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ። በአብዛኛው ዓለም ኤፍኤም የሚሰራጨው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። 100 ሜጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ነው። ጥሩ የሚባል ቀላል አንቴና የሞገዱን ሩብ ያህል፣ ማለትም 75 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ብሉቱዝና ዋይፋይ የሚሠሩበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ደግሞ 12.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሩቡ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ለዚህ ነው የብሉቱዝ አንቴና ስልኩ ጥግ ላይ ተጣጥፎ የሚተኛው፤ የኤፍኤሙ ግን ስልኩ ውስጥ አልገባ ያለው። የጆሮ ማዳመጫ ገመድ አንድ ሜትር አካባቢ ነው። ሰው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የተገኘ ነጻ አንቴና ስለሆነ መሐንዲሶቹ ተጠቀሙበት።

«ያለ ገመድ ፈጽሞ አይሆንም» የሚለው ግን ልክ አይደለም። የጆሮ ማዳመጫ ሳይሰካባቸው ሬዲዮ የሚያሰሙ ባለ ቁልፍ ስልኮች አሉ። ውስጣቸው ያለው አንቴና አጭር ስለሆነ የሚቀበለው ኃይል ይቀንሳል፤ ከማሰራጫው ርቃችሁ ወይም በወፍራም ግድግዳ ተከልላችሁ ከሆነ ድምፁ ይሻክራል። ቅርብ ላለ ሰው ግን በቂ ነው። በአዲሶቹ ስልኮች የኃይል መሙያ ቀዳዳ በኩልም የገመድ ማዳመጫን እንደ አንቴና መጠቀም ይቻላል፤ አምራቹ መስመሩን ከመጀመሪያው ካሰበበት። ስለዚህ ለምን ይሆን፣ የኔ እህት፣ ቀዳዳው ጠፋ ማለት መንገዱ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ሞገደኛ ልምጣ። ሬዲዮ የማይሞት አድርገህ ነው የጻፍከው። ይሞታል። ማሰራጫም መብራት ይፈልጋል፤ ጄኔሬተር ናፍጣ ይጨርሳል፤ ማማ በነፋስ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ የአሜሪካ ግዛት የሆነችውን የፖርቶ ሪኮ ደሴት ስትመታ በማግስቱ ከስልክ ማማዎቹ 95 በመቶ ያህሉ ከሥራ ውጭ ነበሩ። የሬዲዮ ጣቢያዎቹም አብዛኞቹ ወድቀው ነበር። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንድ የስልክ ማማ ቢነሳ የሚያገለግለው በዙሪያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለውን ሰው ነው። ተራራ ላይ ያለች አንዲት የኤፍኤም ማሰራጫ ብትነሳ ግን ብዙ አስር ኪሎ ሜትር ታዳርሳለች። ደግሞም ሺህ ሰው ሰማት ሚሊዮን ሰው ሰማት ለእሷ ለውጥ የለውም፤ አትጨናነቅም። እኛ ጄኔሬተር ጠባቂዎች በክፉ ሌሊት የምናስበው አንድ በርሜል ናፍጣ ነው። የስልክ ኩባንያው ሰው ስንት መቶ ማማ እንደሚያስብ አስቡት።


የሌሊት ዘብ | ሰኞ ሌሊት

ልጆቼ፣ አንብቤ ልለፍ ብዬ ነበር፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስሜ እንደሚናገረው ሌሊት ነው የምሠራው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ሬዲዮ ግዙ ትላለች ልጄ ለምን ይሆን። አለኝ እኮ። ሬዲዮው አለኝ፣ ድንጋዩ ያልቅብኛል። ወይም ቤት እረሳዋለሁ። ስልኬን ግን አልረሳም፤ ልጆቼ ይደውሉልኛላ። የድሮው ስልኬ ሬዲዮ ስለነበረው ሁለቱ አንድ ላይ ነበሩ። ልጄ በመልካም ሐሳብ አዲስና የሚያምር ስልክ ገዝቶ ሰጠኝ፤ ሬዲዮ የለውም። በኢንተርኔት ስማ ብሎ አሳየኝ። ሰማሁ፤ ጥሩ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ዳታው አለቀና ወሬው መሐል ላይ ተቆረጠ። ሰውየው ሊናገር ሲል ነው የተቆረጠው። እስከ ዛሬ ምን ሊል እንደነበር አላውቅም።

ሌላም ነገር አለ። ሌሊት ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ሬዲዮ የሚከፍተው ወሬ ፈልጎ ብቻ አይደለም። አንድ ነቅቶ የተቀመጠ ሰው በሌላ ክፍል ውስጥ እንዳለ ማወቅ ነው የሚፈልገው። ተቀድቶ የተቀመጠ ነገር ይህን አይሰጥም።


ለምን ይሆን | ማክሰኞ ጠዋት

አባቴ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚህ ላይ እርስዎን አልከራከርም። ሰውየው ምን ሊል እንደነበር ማወቅ እኔም ፈለግሁ።

ዳታውን በተመለከተ ግን የኢንተርኔት ሬዲዮ ያን ያህል ይበላል እንዴ? ድምፅ ብቻ እኮ ነው።


ቁጥር ወዳጅ | ማክሰኞ ጠዋት

ልቁጠረው። አንድ ጣቢያ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ቢልክ በሰዓት 57.6 ሜጋባይት ነው። በቀን አምስት ሰዓት ለሚሰማ ሰው 288 ሜጋባይት፤ በ30 ቀን 8.6 ጊጋባይት ገደማ። ጥራቱን በግማሽ ቢቀንሰው ዳታውም በግማሽ ይቀንሳል። በኤፍኤም ዜሮ ነው። ዜሮን ለማባዛት ካልኩሌተር አላስፈለገኝም።

ባትሪም ቢሆን ያው ነው። የኤፍኤም ተቀባይ የሚፈልገው ጥቂት አስር ሚሊዋት ነው። በኢንተርኔት ሲሆን ሞደሙ ዳታ እየተቀበለ፣ ፕሮሰሰሩ ድምፁን እየፈታ ይቆያል። ኔትወርኩ ሲዳከም ደግሞ ስልኩ ለመድረስ ኃይሉን ከፍ ስለሚያደርግ ፍጆታው ይብሳል። ባትሪ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው ባትሪው የሚያልቀው።


ጎረቤቴ ቀድሞኝ | ማክሰኞ ቀን

ስለ መዘግየቱ ማንም አላነሳም? እግር ኳስ በኢንተርኔት ሬዲዮ እሰማለሁ። አጥቂው ኳስ ይዞ መሐል ሜዳ ላይ ሳለ ጎረቤቴ በኤፍኤም ሰምቶ «ገባ!» ብሎ ይጮኻል። ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ፤ ሠላሳ አምስት ሰከንድ። ሠላሳ አምስት ሰከንድ ሙሉ የማውቀውን ጎል እጠብቃለሁ። ይህን ግፍ የማያውቅ ሰው ስለ ኤፍኤም አያውራ።


ተጓዥ ጆሮ | ማክሰኞ ማታ

ጥያቄ ለሁሉም። የምትከራከሩለት ነገር ራሱ ዕድሜው ስንት ቀረው? ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም አውጥታ ዳብ ፕላስ ወደሚባለው ዲጂታል ስርጭት አዛወረች፤ ኤፍኤም ላይ የቀሩት ትንንሽ የአካባቢ ጣቢያዎች ናቸው። የስዊዘርላንድ የሕዝብ ብሮድካስተርም በ2024 መጨረሻ የኤፍኤም ማሰራጫዎቹን አጥፍቷል። ስልክ ሁሉ ኤፍኤም ይኑረው ብላችሁ ካስገደዳችሁ በኋላ ማሰራጫው ቢጠፋ ምን ታደርጉታላችሁ? ወይስ ዳብም ይጨመር ልትሉ ነው?


ማማ ላይ | ማክሰኞ ማታ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዳብ ያለው ስልክ ተሞክሯል። ኤልጂ እ.ኤ.አ. በ2016 ስታይለስ 2 የተባለውን ዳብ ፕላስ የሚቀበል ስልክ አወጣ፤ ሌሎቹ አልተከተሉትም። ስለዚህ ዲጂታል ሬዲዮ መጣ ተብሎ ኤፍኤም ሲዘጋ በስልክ ላይ የሚተካው ነገር አልመጣም። መኪናዎች አገኙ፤ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ መኪና ከነሬዲዮው የሚሸጥ ከሆነ ሬዲዮው ዲጂታሉን እንዲቀበል በሕግ ይጠበቃል። ኪስ ውስጥ ያለው መሣሪያ ግን ባዶውን ቀረ።

ኤፍኤም በብዙ አገር ገና ብዙ ዓመት ይኖራል ብዬ አምናለሁ፤ ተቀባዩ ቀላል፣ ማሰራጫውም ቀላል ነውና። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2011 የምድር መናወጡና ሱናሚው ከደረሱባት በኋላ በተጎዱት ከተሞች ጊዜያዊ የኤፍኤም ጣቢያዎች ተከፍተው ውሃ የት እንደሚታደል፣ መጠለያው የት እንደሆነ ይናገሩ ነበር። አንድ ክፍል፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ትንሽ ማሰራጫና አንድ ምሰሶ ካለ ጣቢያ ይከፈታል። አነስተኛ የስልክ ኔትወርክ ግን በዚያ ፍጥነት አትተክልም።


የብየዳ ሰው | ማክሰኞ ማታ

ስፔንና ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2025 መብራት ሲጠፋባቸው ሰዉ በባትሪ ሬዲዮ ዙሪያ መንገድ ላይ ተሰብስቦ ሲሰማ የሚያሳዩ ፎቶዎች አይቼ ነበር። ዓይኔ ያረፈው ሬዲዮው ላይ አልነበረም፤ የተሰበሰቡት ሰዎች እጅ ላይ ነበር። አብዛኞቹ ስልክ ይዘዋል።


ሞገደኛ | ማክሰኞ ማታ

ይኸው! ሌላ ምን ልጨምር?


ለምን ይሆን | ረቡዕ ጠዋት

ቆይ፣ አትቸኩል፤ ሌላ በር አለኝ። ያን ሁሉ ተቀበልኩ እንበል። ሬዲዮ ጠቃሚ ነው። ጠቃሚ ነገር ሁሉ ግን በሕግ ይገደዳል ማለት ነው?

ከማሪያ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት አጂት ፓይ አፕል የኤፍኤም ቺፑን እንዲከፍት በይፋ ጠይቀዋል። እኚሁ ሰው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ የሬዲዮን ጥቅም ካወደሱ በኋላ መንግሥት ማስገደዱን ግን እንደማይደግፉ ተናግረው ነበር። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2023 አምራቾች ሬዲዮውን ክፍት አድርገው እንዲሸጡ ስታሳስብ ምክር ነው ያወጣችው። አምራቹን አንዴ «ይህን ቺፕ አስገባ» ካልነው ነገ ሌላ መሥሪያ ቤት ሌላ ነገር አስገባ ይላል፤ ያኛው ሬዲዮ ላይሆን ይችላል።

ለአደጋ ጊዜ ደግሞ ማማው ለሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ የሚልከው የማስጠንቀቂያ መልእክት አለ። ከአጭር የጽሑፍ መልእክት የተለየ ነው፤ ቁጥር አይፈልግም፣ መስመር ቢጨናነቅም ይደርሳል። የብዙ አገር የአደጋ ማስጠንቀቂያ በዚህ ነው የሚሠራው።


ማማ ላይ | ረቡዕ ጠዋት

እሱ መልእክት ግሩም ነገር ነው፤ ማንም እንዲያጠፋው አልፈልግም። ነገር ግን ማማው ቆሞ፣ መብራት አግኝቶ ሲገኝ ነው የሚልከው። ደግሞም የሚለው «ወደ ከፍታ ቦታ ውጡ» ነው። ከወጣህ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አብሮህ አይቀመጥም። የሌሊት ዘብ የተናገሩትን አስታውሺ።


ሞገደኛ | ረቡዕ ቀን

ለምን ይሆን፣ «ነገ ሌላ ነገር አስገባ ይላሉ» ያልሽው ፍርሃት ይገባኛል። ነገር ግን ሬዲዮ ተቀባይ እኮ የሚሰማ እንጂ የሚናገር ዕቃ አይደለም። ምን እንደሰማሁ፣ መቼ እንደሰማሁ፣ የት ሆኜ እንደሰማሁ ጣቢያው አያውቅም። ስልኬ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ እኔን የማይቆጥረኝ እሱ ብቻ ነው። እንዲያውም የጠፋው ለዚህ ይመስለኛል፤ የማይቆጥር ነገር አያተርፍም።


ለምን ይሆን | ረቡዕ ቀን

ተቀባዩ አይቆጥርህም፤ መተግበሪያው ግን ሊቆጥርህ ይችላል። በአሜሪካ ኔክስትሬዲዮ የሚባል መተግበሪያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአንዳንድ ስልኮች ላይ የኤፍኤሙን ቺፕ ይጠቀም ነበር፤ ኢንተርኔት ሲኖር የአድማጩን ልማድ እየሰበሰበ ለጣቢያዎች ያቀርብ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ተዘጋ። ስለዚህ ንጽሕናው ከቺፑ ጋር በራሱ አይመጣም።

የተዘጋበትን ምክንያት ሁሉ አላነሳም፤ አንዱ ችግር ግን የሙያዬ ስለሆነ ልናገር። አንድሮይድ ካሜራን፣ ብሉቱዝን፣ የቦታ አመልካችን ለማንኛውም መተግበሪያ ሠሪ በአንድ ወጥ መንገድ ያቀርባል። ለስልክ ኤፍኤም ሬዲዮ እንዲህ ያለ የጋራ በር የለውም፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ቁልፍ ቀርጾ ለራሱ መተግበሪያ ብቻ ይሰጣል። እኔ ዛሬ ቀላል፣ ንጹሕ፣ ማንንም የማይሰልል የሬዲዮ መተግበሪያ ልሥራ ብል የምሠራው ለአንድ አምራች ስልክ ይሆናል፤ እሱም ከፈቀደልኝ።

ይህን ስጽፍ ራሴን ያዝኩት። ሦስት ቀን ሙሉ «ፈላጊ የለውም» ስል ከርሜ፣ ፈላጊ ቢመጣ የሚገባበት በር እንደሌለ አሁን በራሴ እጅ ጻፍኩት።


አድማጭ ብቻ | ረቡዕ ቀን

ይህ ክር እየጣመኝ ነው።


ሞገደኛ | ረቡዕ ማታ

ታዲያ ተስማማን?


ለምን ይሆን | ረቡዕ ማታ

አልተስማማንም። «ሬዲዮ የሌለው ስልክ አይሸጥ» የሚለውን አሁንም አልቀበልም። የምቀበለው ይህን ነው፤ ቺፑ ውስጥ ሬዲዮው ካለ አምራቹ ያገናኘው፤ የማያገናኝ ከሆነም ሳጥኑ ላይ «ኤፍኤም የለውም» ብሎ በግልጽ ይጻፍ። አሁን ገዢው ቤቱ ገብቶ ነው የሚያውቀው። የሌሊት ዘብ ልጅ ያን ስልክ ሲገዛ ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ይገዛ ነበር።


የሌሊት ዘብ | ረቡዕ ሌሊት

ይገዛ ነበር። ልጄ አስተዋይ ነው።


ሞገደኛ | ሐሙስ ጠዋት

እኔም ካቋሜ አልወርድም፤ ግን ያንቺን እንደ መጀመሪያ ደረጃ እቀበለዋለሁ። አውሮፕላን ላይ ሬዲዮ መክፈት የሚከለከለው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ? ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፤ ድንገት ትዝ ብሎኝ ነው።


ማማ ላይ | ሐሙስ ጠዋት

በደንብ ይገናኛል፤ «የሚሰማ እንጂ የሚናገር ዕቃ አይደለም» ብለህ ነበርና ላርምህ። የተለመደው የኤፍኤም ተቀባይ ጣቢያውን ለመያዝ ውስጡ የራሱን ሞገድ ያመነጫል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጣቢያው 10.7 ሜጋኸርዝ ከፍ ብሎ። 98 ላይ ያለ ጣቢያ ስትሰማ ሬዲዮህ ውስጥ 108.7 አለ፤ ከእሱም ጥቂት ወደ ውጭ ያመልጣል። ከ108 እስከ 118 ሜጋኸርዝ ያለው ደግሞ የአውሮፕላን መምሪያ መሣሪያዎች የሚሠሩበት ክልል ነው። የዛሬዎቹ ቺፖች አሠራራቸው ስለተቀየረ ችግሩ ቀንሷል፤ ክልከላው ግን ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ሬዲዮህም በሹክሹክታ ትንሽ ይናገራል።


አዲስ ገቢ | ሐሙስ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ሙሉውን አነበብኩት። ስልኬ ሬዲዮ እንዳለው በምን አውቃለሁ? መሰኪያ ቀዳዳ አለው። «ሬዲዮ» የሚል ምልክት አንድ ጥግ ላይ አየሁ፤ ስከፍተው «የጆሮ ማዳመጫ ይሰኩ» ይለኛል። የብሉቱዙን አገናኘሁት፤ አሁንም ያንኑ ይለኛል።


የብየዳ ሰው | ሐሙስ ማታ

ደስ ይበልሽ፤ አለሽ ማለት ነው። የፈለገው ማዳመጫ ሳይሆን ገመዱን ነው፤ አንቴናው እሱ ነውና። የድሮ ባለ ገመድ ማዳመጫ ፈልጊ፤ አንድ ጆሮው የተበላሸም ቢሆን ይሠራል። ሰክተሽ ዳታውንም ዋይፋዩንም አጥፊና ጣቢያ ፈልግ የሚለውን ተጫኚ። ዳታ ጠፍቶ ከተናገረ እውነተኛ ሬዲዮ ነው።


አዲስ ገቢ | ሐሙስ ማታ

የእህቴን ማዳመጫ አገኘሁ። ስድስት ጣቢያ ያዘ! ግን ይንሿሿል። ገመዱን ስጠቀልለው ጭራሽ ይጠፋል።


ማማ ላይ | ሐሙስ ማታ

አትጠቅልይው። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ዘርጊው፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ። ካልሆነ ቀጥ አድርገሽ አንጠልጥይው። ከኃይል መሙያው ገመድም አርቂው።


አዲስ ገቢ | ሐሙስ ማታ

መጋረጃው ዘንግ ላይ ሰቀልኩት፤ ጠራ። አንድ ሰውዬ ስለ ንብ እርባታ እያወራ ነው። ንግሥቲቱ ስትጠፋ ቀፎው ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ሊያሰማን ነው መሰል። ቆዩ፣ ልስማው።